ክምር የሌለው አውድማ

በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ሁለት ቦታ ገባ። አንዱን እናውቀዋለን። ከወልድያ በስተሰሜን ጎብዬን፣ ሮቢትን፣ ቆቦን ይዞ እስከ አላማጣ የተዘረጋው የራያ ቆላ ዝናብ አጣ፤ ወሎ በጠቅላላው ተጎዳ፤ ጉልበት የቀረው ሰው ልጁን አዝሎ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ሌላው ረሃብ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በፔሩ ጠረፍ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ውስጥ ነበር። እዚያ መጀመሪያ የተራቡት ሰዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ፣ ውሃው ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ እንስሳት ነበሩ። ምግባቸው ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ አልጌ ነው። አልጌው ሳሳ፤ እነሱ ተመናመኑ፤ እነሱን የሚበላው አንቾቬታ የተባለው ትንሽ ዓሣ ተከተለ። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ ያጠመደች አገር ነበረች። በ1973 መረቡ ያወጣላት 2 ሚሊዮን ቶን ግድም ብቻ ነው። አጥማጆቹ ልክ ማጣታቸውም ለውድቀቱ የራሱ ድርሻ አለው። ቢሆንም ውቅያኖሱ ራሱ ማዕዱን አንሥቶባቸው ነበር።

ሁለቱን ረሃቦች ያገናኛቸው ነፋስ ነው። በደህና ዓመት ከደቡብ አሜሪካ ወደ እስያ የሚነፍሰው ነፋስ ፀሐይ ያሞቀውን የላይኛውን ውሃ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ የተገፋውን ለመተካት በፔሩ በኩል ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህ ከሥር የሚወጣ ውሃ ናይትሬትና ፎስፌት የጠገበ ስለሆነ ለአልጌው ፍግ ነው። ኤል ኒኞ በሚባለው ዓመት ነፋሱ ይደክማል፤ ሙቁ ውሃ ወደ ፔሩ ይመለሳል፤ ፍጉ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ያው የባሕር ሙቀት መዛባት የአየሩንም ዝውውር ያናጋና በሰሜን ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ያሳሳዋል፣ ያዘገየዋል፣ መሐል ላይ ያቋርጠዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ነው። የ2007 ዓ.ም. ክረምትም በዚሁ መንገድ ሄደ፤ በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ የሚጠብቁ ሆኑ።

የራያዋ ጎብዬ ግን ባሕር የላትም። ባሕር የሚደርስ ወንዝም የላትም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ውሃ፣ ጎሊናም ይሁን ሆርማት፣ አላውሃም ቢሆን፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ አፋር ይዘልቃል፤ እዚያው አሸዋና ፀሐይ ይጨርሱታል። የአገሩ ሰው ብልህ ነውና ጎርፉ ከመሄዱ በፊት ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣበታል፤ የተረፈው ግን ወደ የትም አይደርስም። እንዲህ ላለ አገር ባሕር የሚመጣው በጨውና በዝናብ ነው። ጨዉ የድሮ ባሕር ቅሪት ነው። የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ ሥፍራ ሲሆን፣ ከ100 ሺህ ዓመት በፊት በዚያ ውሃ የኖሩ ዛጎሎችና ኮራሎች ዛሬም በዳሩ ላይ ይገኛሉ። ውሃው ተቆርጦ ሲቀር ተነነ፤ ጨዉን ትቶልን ሄደ። የዝናቡም ደመና ውሃውን የሚቀዳው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕር፣ በምዕራብም ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን ነው። ስለዚህ ከጎብዬ ሆኖ ስለ ተንሳፋፊ እንስሳት አበላል ማውራት ቅንጦት አይመስለኝም። በተለይ አንድ ጥያቄ እረፍት ይነሳል፤ ሞቃታማው ባሕር ሲያዩት ባዶ ሆኖ ሳለ ስፍር ቁጥር የሌለው አፍ ይመግባል፤ ወሎ ደግሞ ገበያው ላይ እህል እያለ ተርቧል። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልሱን ከአበላሉ እንጀምር። ከእነዚህ ተንሳፋፊ እንስሳት ብዙዎቹ ኮፔፖድ ይባላሉ፤ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ወገን ናቸው። አንዷን ማይክሮስኮፕ ሥር ቢያስቀምጧት መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ግንባሯ መሐል ያለችው ቀይ ነጥብ ናት። ዓይኗ ይህች ናት፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም አታልፍም። ከራሷ ግራና ቀኝ የገላዋን ርዝመት የሚያክሉ ሁለት አንቴናዎች ተዘርግተዋል። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የበላችው ከውጭ ይታያል፤ ከአፏ ተነሥቶ ወደ ጅራቷ የሚወርድ አረንጓዴ መስመር አለ። ጾሟን ያደረችቱ መስመሩ የላትም።

ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱ ይህች እንስሳ ውሃውን በጠጉራም እጆቿ አጥልላ የቀረላትን ሁሉ የምትውጥ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መባቻ ሚሚ ኮልና ሩዲ ስትሪክለር የተባሉ ተመራማሪዎች አበላሏን በፈጣን የፊልም ካሜራ ቀርጸው ሲያዩት ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለእንዲህ ያለች ደቃቅ ገላ ውሃ እኛ የምናውቀው ውሃ አይደለም፤ ወፍራምና የሚጣበቅ ነገር ነው። መቅዘፍ ካቆመች እዚያው ቀጥ ትላለች፤ ተንሸራትታ የምትሄደው እርምጃ የለም። እጇን ዘርግታ አንድ አልጌ ልያዝ ብትል በእጇ ዙሪያ ያለው ውሃ አብሮ እየተገፋ አልጌውን ያርቅባታል። ስለዚህ አታሳድድም። እግሮቿን እያርገበገበች ውሃው ወደ እሷ እንዲፈስ ታደርጋለች። አልጌው ገና ሳይደርስ ሽታው ቀድሞ ይደርሳታል። ያን ጊዜ ሁለት ክንዶቿን ድንገት ከፈት ታደርጋለች፤ አልጌው በዙሪያው ካለው ጠብታ ጋር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ክንዶቿ ይገጥማሉ፤ ውሃው ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ ታጣጥመዋለች። ካልጣማት ትተፋዋለች። ይህ ሁሉ ከሴኮንድ ክፍልፋይ አያልፍም።

ተንሳፋፊ ስንላት ፈቃድ የሌላት እናስመስላታለን። እውነት ነው፣ ወደ ምሥራቅ ልሂድ ወደ ምዕራብ ብላ መወሰን አትችልም፤ የሚወስዳት ውሃው ነው። ጉርሻዋን ግን ትመርጣለች። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስደውም መንገድ የራሷ ነው። ቀን ቀን ዓሣ እንዳያያት ጥልቁ ጨለማ ውስጥ ትደበቃለች፤ ሲመሽ አልጌው ወዳለበት ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሳይነጋ ትመለሳለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በድምፅ ማዕበል የባሕር ጥልቀት የሚለኩ መርከበኞች ማታ ማታ ከፍ፣ ቀን ቀን ዝቅ የሚል ሐሰተኛ የባሕር ወለል መሣሪያቸው ላይ እያዩ ግራ ተጋብተው ነበር። ወለል የመሰላቸው ወደ እራቱ የሚወጣና ከእራቱ የሚመለስ የእንስሳት መንጋ ነው፤ በክብደት ከተሰላ በምድር ላይ ከዚህ የሚበልጥ የእንስሳት ጉዞ የለም። የሥነ ፍጥረት መምህራን የሐሙስ ፍጥረታትን በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ ብለው ይከፍሏቸዋል። ኮፔፖድን ከየትኛው ወገን እንደሚመድቧት የሚነግረኝ ሊቅ ባገኝ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር።

ሞቃታማው ባሕር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ዓመቱን ሙሉ ስለምታሞቀው ሙቁ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆነው ሳይቀላቀሉ ይኖራሉ። ከሥር ያለው ፍግ አይወጣም። አስጎብኚዎች የሚያሞግሱት ያ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ በውሃ ቋንቋ ምድረ በዳ ነው። እዚያ ለመብቀል ደቃቅ መሆን ያስፈልጋል፤ ገላው ያነሰ ፍጡር ከድሃ ውሃ ላይ ጥቂቷን ምግብ መልቀም ይቀለዋልና። የዚህ ባሕር ዋነኛ አብቃይ ፕሮክሎሮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ 1,500 ያህሉ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። በምድር ላይ ቁጥሩ ከዚህ የሚበልጥ አብቃይ ባይኖርም እስከ እ.ኤ.አ. 1988 ድረስ መኖሩን በወጉ የገለጸ አልነበረም፤ ያን ያደረጉት ሳሊ ቺዝምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኮፔፖድ ይህን ልትይዘው አትችልም፤ በጣቶቿ መሐል ይሾልካል። እሱን የሚበሉት አንድ ሴል ብቻ ያላቸው ሌሎች ፍጡራን ናቸው፤ እሷ ደግሞ እነሱን ትበላለች። ባሕሩ በቀን ከሚያበቅለው አልጌ ከግማሽ በላዩን የሚጨርሱት እነዚሁ አንድ ሴል ያላቸው ናቸው። ከአፍ ወደ አፍ በተላለፈ ቁጥር አብዛኛው ለመኖሪያ ይቃጠላልና መጨረሻ ላይ ዓሣው የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ቀይ ባሕርም የዚህ ወገን ነው። ጀርመናዊው ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1823 ሲና ጠረፍ ላይ ባሕሩ ደም መስሎ ሲቀላ አይቶ ያቀላውን ፍጡር ናሙና ወሰደ፤ በኋላ ትሪኮደስሚየም የሚል ስም ሰጠው። የጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪሽ አገሩ አልተመለሰም፤ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ። ትሪኮደስሚየም ናይትሮጅንን በቀጥታ ከአየር መውሰድ ስለሚችል ድሃው ባሕር አይበግረውም። ተንሳፋፊዎቹ እንስሳት ግን እምብዛም አይደፍሩትም፤ ደፍረው ከሚመገቡት ጥቂቶች አንዷ ማክሮሴቴላ የምትባል ቀጭን ኮፔፖድ ናት። የሚያየው ሰው ባሕሩ ዛሬ ምርት ሞላበት ይላል። የሞላው ግን በላተኛ ያጣው ነው። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ በባሕር ላይ በብዛት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ያልነካው ነው፤ ዋናው ምርት ሳይታይ ተበልቷል።

በራያ ሀብት የሚታየው በክምር ነው። ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ የማሽላው ቆረን ተቆርጦ አውድማ ላይ ይቆለላል፤ መንገደኛው ከሩቅ አይቶ የባለቤቱን ዓመት ይገምታል፤ እህሉም ተወቅቶ ጎተራና ጉድጓድ ይገባል። የባሕሩ አውድማ ክምር የለውም። እዚያ የበቀለው ሳይውል ሳያድር ይበላል። በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የውቅያኖስ አልጌ በዓመት የሚያበቅለው የምድርን ዕፅዋት ሁሉ፣ ደኑንም ሣሩንም እርሻውንም ደምሮ የሚያበቅሉትን ሊስተካከል ጥቂት ይቀረዋል። በአንድ ቀን ተይዞ ቢመዘን ግን አልጌው በካርቦን ልክ 1 ቢሊዮን ቶን ግድም ነው፤ የምድር ዕፅዋት 450 ቢሊዮን ቶን ይሆናሉ። ይህን የሰፈሩት ባር-ኦን፣ ፊሊፕስና ሚሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ስሌት ባሕር ውስጥ የሚበላው ወገን ክብደት ወደ 5 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል። በላተኛው ከሚበላው አምስት እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። ጎብዬ ሜዳ ላይ ከብቱ ከግጦሹ አምስት እጥፍ ቢከብድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ባሕሩ የሚቆየው አልጌው በቀን፣ ቢዘገይ በሁለትና በሦስት ቀን ራሱን ስለሚተካ ነው። ተተካ፣ ተበላ፣ ተተካ። ከዚህም ይልቅ የሚደንቀው የሚበላው ራሱ መዝራቱ ነው። ኮፔፖዷም አንድ ሴል ያለውም ፍጡር ከገላቸው የሚያስወግዱት አሞኒያ ለአልጌው ፍግ ይሆናል። ከሥር ፍግ በማይወጣበት ሞቃታማ ባሕር አብዛኛው አልጌ የሚበቅለው በዚህ ነው፤ በላተኛው ቢጠፋ አልጌውም የሚበቅልበትን ያጣል። በኛ አገር ሽማግሌዎች ስለ በረከት ሲያወሩ የሚሉት ይህን ይመስለኛል፤ ብዙ መሆን አይደለም፣ እየተነካ አለማለቅ ነው። ከዚህ በፊት ነገሩን የትሕትና ትምህርት አድርገው ሲነግሩኝ እሰማ ነበር። አሁን የሒሳብም ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሀብት የሚለካው በቁልሉና በሚመላለስበት ፍጥነት ነው፤ ቁልሉን ብቻ የሚቆጥር ሰው ግማሹን ስቶታል።

መብላት ሁሉ ግን በረከት አይደለም፤ ይህን ለራያ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ቆቦና ሐብሩ ላይ ሲወርድ ማሽላው ፍሬ ይዞ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ቆርቆሮ ተቀጠቀጠ፣ ጅራፍ ጮኸ፣ ጭስ ጨሰ፤ ብዙ ማሳ ግን አገዳው ብቻ ቀረ። አንበጣም ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋሱ የወሰደው ቦታ ይሄዳል። በቀን የገላውን ክብደት የሚያህል ይበላል፤ ኮፔፖዷም እንደ ዝርያዋና እንደ ወቅቱ ከዚያ ያላነሰ የምትበላበት ቀን አለ። በሆዳምነት አይበላለጡም። ልዩነቱ ያለው በሚበላው ዘንድ ነው፤ አልጌው ነገ ይመለሳል፣ በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ የሚደርሰው በኅዳር ነው። ጥቅምት ላይ ከተበላ ምትኩ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያውም ዝናቡ ከጣለ። ስለዚህ «ስንት ተበላ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

      

በላተኛው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ ደቡብ ወልድያን፣ መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን ማለፍ ይበቃል። ሐይቅ ተብሎ የሚጠራው ሐይቅ እዚያ ነው፤ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት የኖሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። የውሃ ጥራት የሚለካው ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ታች በመልቀቅ ነው፤ ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1865 ይህን ዘዴ ያስለመዱት አንጄሎ ሴኪ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ባክስተርና ጎሎቢች የተባሉ ተመራማሪዎች ሐይቅ ላይ ሲለኩ ሳህኑ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወርዶም ይታይ ነበር፤ ለሐሩር አገር ሐይቅ ይህ እጅግ ብርቅ ነው። በ1970 ዓ.ም. ግድም ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ተጨመረበት። ቆሮሶ ሲያድግ አልጌ ይመገባል፤ ጫጩቱ ግን ተንሳፋፊ እንስሳ ለቃሚ ነው። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ላይ ሳህኑ ሁለት ሜትር እንኳ ሳይወርድ የሚሰወርበት፣ አልጌ የሞላበት አረንጓዴ ሐይቅ እናገኛለን። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች ዋነኛው የቆሮሶው መግባት ነው፤ አልጌውን ይግጡ የነበሩት ትልልቆቹ ተንሳፋፊ እንስሳት ተለቅመው አለቁ። ከየተራራው ታጥቦ የሚገባው አፈርም የራሱን አድርጓል።

ያ ጥራት፣ መነኮሳቱ ለዘመናት ያዩት ያ የጠራ ውሃ፣ የብዙ አፍ ሥራ ነበር። ይህን ስል የዱሮው ሐይቅ ይመለስ እያልኩ አይደለም። የጠራ ውሃ አይበላም፤ ቆሮሶ ይበላል፤ ሐይቅ ከተማ ዳር ዓሣ ጠብሶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስለ ተንሳፋፊ እንስሳት መጥፋት አዝኖ እንዲያድር መጠበቅም ግፍ ነው። የምለው ሌላ ነው። አብቃዩን እናመሰግናለን፣ ዘሪውን እንመርቃለን፤ የሚበላውን ግን እንደ ወጪ እንቆጥረዋለን። ሐይቅ ላይ የሆነው የሚያሳየው አፍም የአገር ሥራ ከሚያስኬዱት አንዱ መሆኑን ነው። አፉ ሲዘጋ እህሉ የትም አይሄድም፤ እዚያው ይቆለላል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃውን አየር ያሳጣል።

ወደ 1965 ልመለስ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወራው መጽሐፋቸው የወሎን ረሃብ መርምረዋል። ያገኙት ነገር ዛሬም ያስደነግጣል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ብዙም አልወረደም። ወሎ ውስጥ አዝመራው ወድቋል፤ ደሴ ላይ ግን የእህል ዋጋ ሊንር ሲገባው ያን ያህል አልናረም። ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሄደበትም ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ገንዘብ የሌለው ረሃብ ገበያ ላይ ድምፅ የለውም፤ እህሉም ድምፅ ወዳለበት ይሄዳል። አፋሩ ደግሞ ግጦሹን ለጥጥ እርሻ ተነጥቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ የተረፈውን ፍየልና ግመል ገበያ ሲያወጣ በምትኩ የሚያገኘው እህል ከወትሮው እጅግ አነሰ። ጎብዬ የተቀመጠችው እህል የጫነው መኪና በሚያልፍበት፣ የተራበው ሰው እጁን በሚዘረጋበት በዚያው ጎዳና ላይ ነው። ክምሩ ነበር። የተቆረጠው ከክምሩ ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ ነው። ፔሩ ጠረፍ ላይ በዚያው ዓመት የተቆረጠው ከሥር ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ እንደ ነበረ አስቡ፤ ፍጉ እዚያም አልጠፋም፣ ተቀብሮ ነበር እንጂ።

ከባሕር ሥነ ምግባር መቅዳት አደገኛ ነው፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል ብሎ ግፉን የተፈጥሮ ሕግ ያደረገ ጌታ ስንቱ ነው! ኮፔፖዷ ለማንም አትራራም፤ ዓሣውም አይራራላትም። በባሕር አንድ ወገን ሲራብ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ሰው ሲራብ ግን የሚጠየቅ አለ። ከውሃው የምወስደው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ መቁጠር ያለብን የሚያልፈውንም ነው።

ኤል ኒኞ ዛሬ ድንገት አይደርስም። የፓስፊክ ውሃ መሞቅ ሲጀምር ከወራት በፊት ይታወቃል፤ የኛም የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ይነግሩናል። ወሬው በተሰማ ቁጥር ግን ሹሙም ጋዜጠኛውም የሚጠይቀው አንድ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል አለ? እኔ ጎብዬና ቆቦ ያላችሁ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የገበያ ቀን የማያመልጣችሁ ወጣቶች ሌላ ደብተር እንድትይዙ እለምናለሁ። በየገበያው ቀን አንድ ፍየል ስንት ቁና ማሽላ አወጣ? የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ደመወዙ ስንት ጣሳ ገዛ? ቀኑን ጻፉ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ለወረዳው አሳዩ። በ1965 ደሴ ላይ የእህሉ ዋጋ ብቻውን ሲታይ ረሃቡን አልተናገረም ነበር፤ የፍየሉና የእህሉ ዋጋ ጎን ለጎን ሲተያይ ግን ይናገር ነበር።